ስምንት ቦርሳ፣ አምስት ብልሽት፦ ከጎንደር ሆኖ በኦንላይን የጉዞ ቦርሳ የመግዛት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ አነስተኛ የአስጎብኚዎች ማኅበር በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ስምንት የጉዞ ቦርሳ በቴሌግራም አዘዘ። ጥር ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ከስምንቱ አምስቱ ተበላሹ። መጋቢት ላይ ደግሞ ሌላ ስድስት ገዛ፤ እነዚያ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ሳይበላሹ አገለገሉ። በአንድ ቦርሳ የነበረው የዋጋ ልዩነት አንድ ሺህ ብር ገደማ ነው። ከዋጋው በላይ ለውጥ ያመጣው ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ለሻጮች የቀረበው ጥያቄ ነው። ጉዳዩ መመዝገብ የሚገባውም ለዚሁ ነው። የማኅበሩም የሻጮቹም ስም አልተጠቀሰም።

ቦርሳው ምን ይጠብቀዋል?

የማኅበሩ ሥራ እንግዳ ተቀብሎ ወደ ሰሜን ተራሮች መውሰድ ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና፣ ከዚያ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል በእግር ይኬዳል። ዕቃው በበቅሎ ይጫናል። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ጊዜ ባለ ጎማ ሻንጣ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሻንጣው ቢሮ ይቀመጥና ልብሱና ስሊፒንግ ባጉ ማኅበሩ በሚያውሰው ረጅም የጨርቅ ቦርሳ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ያገለግሉ የነበሩት ቦርሳዎች የቀድሞ እንግዶች ትተዋቸው የሄዱ ነበሩና አርጅተዋል።

በቅሎ ላይ ያለው ኑሮ ቦርሳ የሚሠሩ ሰዎች ከሚያስቡት ይለያል። ከ15 እስከ 18 ኪሎ የያዘ ቦርሳ በአንድ እጀታ ብቻ ተይዞ ይነሳል። ከዚያ ጫኙ ጉልበቱን ቦርሳው ላይ ተክሎ መጫኛውን በሙሉ ኃይሉ ይስባል። ገመዱ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይፈገፍጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ በኅዳርና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ቦርሳው ላይ አመዳይ ያድርና ፀሐይ ሲመታው ውሃ ይሆናል። ባለ ጎማ ሻንጣ እዚህ ጨርሶ አይታሰብም። አንድ በዕድሜ የገፉ በቅሎ ነጂ «ጎማ ያለው አልጭንም፤ ጎኗን ይልጥብኛል» ብለው አንዱን እንግዳ ሻንጣውን ደባርቅ አስጥለውታል። እኚሁ ሰው ሌላም ማኅበሩ ያላሰበውን ነገር ተናግረዋል፦ ግራና ቀኝ የሚጫኑት ቦርሳዎች መጠናቸው እኩል ካልሆነ ጭነቱ ያጋድላል፣ መንገድ ላይም እየቆሙ መልሶ ማሰር ግድ ይሆናል።

በጎንደር ገበያዎች፣ በቅዳሜ ገበያና በአራዳ፣ ሲታይ የነበረው የተማሪ ቦርሳና ባለ ጎማ ሻንጣ ነው። ወደ ኦንላይን የተዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ግዢ

ሻጩ አዲስ አበባ ያለ፣ ብዙ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ነበር። ማስታወቂያው «ኦርጂናል፣ ውሃ የማያስገባ፣ 1000ዲ፣ 90 ሊትር» ይላል። ዋጋው አንዱ 1,350 ብር። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ፣ ጀርባቸው ነጭ፣ ለዓይን የሚያምሩ ናቸው። ማኅበሩ 10,800 ብሩን በቴሌብር ሙሉ በሙሉ ከፈለ፤ ዕቃው በሁለት ማዳበሪያ ተጠቅልሎ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶብስ ጎንደር ገባ። ለማጓጓዣ 480 ብር ወጣ። ማዳበሪያው ሲፈታ ቪዲዮ የቀረጸ ሰው አልነበረም፤ ቦርሳዎቹም አንድ በአንድ ሳይታዩ መጋዘን ገቡ።

ከጥምቀት በኋላ በተደረገው ጉዞ ሁለት ቦርሳዎች ዚፓቸው ተከፈተ፣ ሦስቱ ደግሞ ማንገቻው ከተሰፋበት ጨርቃቸው ተቀደደ። የአራት እንግዶች ስሊፒንግ ባግ እርጥበት ገባው። በሌሊቱ ብርድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብልሽቱ ሲመረመር

ከጉዞው መልስ ስምንቱም ቦርሳ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ከዚህ ሁሉ ሂደት ብዙ ያስተማረው ይህ ነው።

ከዚፑ እንጀምር። በዚፑ ራስ፣ ማለትም እየተሳበ በሚከፍተውና በሚዘጋው ክፍል፣ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ይታተማል፦ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10። ቁጥሩ የተዘጋው ጥርስ በሚሊ ሜትር ያለውን ስፋት በግርድፉ ያመለክታል። 5 ለጃኬትና ለትንሽ ቦርሳ ይበቃል፤ 90 ሊትር የሚይዝ፣ ተጠቅጥቆ የሚዘጋ ቦርሳ ግን 8 ወይም 10 ይፈልጋል። የተገዙት ሁሉም 5 ነበሩ። ቦርሳው ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ሁለቱ የዚፕ ጎኖች እየተሳሳቡ የዚፑን ራስ አፍ ቀስ በቀስ ያሰፉታል። አፉ ከሰፋ በኋላ ጥርሶቹን አጣብቆ ማቆላለፍ ስለማይችል ዚፑ የተዘጋ መስሎ ከኋላው ይከፈታል። ሰው ጥርሱን ነው የሚወቅሰው፤ የሚያልቀው ግን ብዙ ጊዜ የዚፑ ራስ ነው። እንደ ጠመዝማዛ ክር የሆነው የናይለን ዚፕ ቢስት እንኳ የዚፑን ራስ ወደኋላ መልሶ እንደገና በመዝጋት ይስተካከላል። ለየብቻ የተተከለ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ግን አንድ ጥርስ ከወለቀ ሙሉውን ዚፕ መቀየር ነው።

ማንገቻው ከጎን ብቻ በአንድ መስመር ስፌት ተይዟል። ደህና የጉዞ ቦርሳ ላይ ማንገቻው ከቦርሳው ሥር ዞሮ ከወዲያኛው እጀታ ጋር ይገናኛል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቀበቶው ራሱ ይሆንና ጨርቁ ያርፋል። ከጎን ብቻ ሲሰፋ ግን 18 ኪሎው በሙሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነች የስፌት መስመር ላይ ይንጠለጠላል። ክሩ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ በመርፌ ቀዳዳዎቹ መስመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። በሦስቱ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ስምንቱ ቦርሳ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ የታወቀውም ያኔ ነው። የተቀደዱት ሦስቱ ጨርቃቸው ሳስቶ፣ በብርሃን ሲታዩ የሚያሳልፉ ነበሩ፤ ቀሪዎቹ አምስቱ ደህና ውፍረት አላቸው። ሻጩ ከሁለት የተለያየ ምርት ቀላቅሎ ልኳል። ማስታወቂያው ላይ ያለው «ዲ» ዲኒየር የሚባለው መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። 1000 ዲኒየር በእርግጥ ወፍራም ክር ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ገዢው በዓይኑ ሊያረጋግጠው አይችልም፣ ሻጩም ያሻውን ይጽፋል። ሊረጋገጥ የሚችለው ክብደቱ ነው። ይህን የሚያህል ቦርሳ ጠንከር ያለ ጨርቅና ደህና ዚፕ ካለው ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስቱ ሳሳዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ 700 ግራም እንኳ አልሞሉም።

«ውሃ የማያስገባ» የተባለው ጨርቁ ከውስጥ ስለተቀባ ነው። ቅቡ ጨርቁን ይከላከላል፤ መርፌ የበሳውን ስፌትና ዚፑን ግን አይከላከልም። ውሃው የገባውም በእነዚያ ነው።

ሻጩ ጋር የተደረገው ሙከራ

ማኅበሩ የተቀደዱትን ፎቶ አንስቶ ላከ። የመጣው መልስ «አጠቃቀም ነው» የሚል ሲሆን፣ በገዢው ወጪ ይመለሱና እንያቸው አለ። የስፌቱ ጥራት ማነስ ማከራከሪያ ቢሆንም የሁለት ምርት መቀላቀል ግን ግልጽ ጥፋት ነበር፤ ማዳበሪያው ሲፈታ ቪዲዮ ቢቀረጽ፣ ቦርሳዎቹም በዚያው ዕለት ቢመዘኑ ኖሮ ማኅበሩ ክርክሩን የሚረታበት ማስረጃ ይኖረው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የተነሳ ፎቶ ያንን አያደርግም። ጉዳዩ እዚያው ቀረ።

ጥገና፦ የሠራውና ያልሠራው

አምስቱ ወፍራሞች ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ለሚሠራ ቦርሳ ሰፊ ተሰጡ። ሥራው ሦስት ነገር ነበር። አሮጌው ዚፕ ተፈትቶ በሜትር የሚሸጥ ባለ 10 ቁጥር የናይለን ዚፕ ገባ፤ በአንድ ቦርሳ ሁለት ራስ ተደረገ። ማንገቻው ተፈትቶ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀበቶ ተተካ፤ ቀበቶው በቦርሳው ሥር እንዲዞር ተደርጎ፣ ከጎን በሚያርፍበት ቦታ አራት ማዕዘን ተሰፍቶ በመሐሉ ኤክስ ተመታበት። ክሩ የጥጥ ሳይሆን የናይለን ነው፤ መርፌው 18 ቁጥር። የአንዱ ጥገና ዕቃውን ጨምሮ 450 ብር ፈጀ።

ሰፊው መጀመሪያ የዚፑን ራስ ብቻ በፒንሳ ጨብጦ ለመመለስ ሞክሮ ነበር። በፒንሳ ጎንና ጎኑን ቀስ ብሎ መጫን የሰፋውን አፍ ያጠበዋል፤ መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ጥሩ ዘዴ ነው። ብዙ አይቆይም፣ ከተጫነበት በላይ ሲጫኑት ደግሞ ይሰነጠቃል። ሻማ ማሸት ዚፑን ያለሰልሳል እንጂ ያለቀ ራስ አያድንም።

ስፌቱን ከውስጥ በማስቲሽ ለመድፈን የተደረገው ሙከራ አልሠራም። ማስቲሹ ከቅቡ ጋር እንጂ ከጨርቁ ጋር ስለማይያያዝ፣ ቦርሳው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ቅቡን ይዞ ይላጣል። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ሆኖ ተገኘ፦ በቦርሳው ውስጥ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ማስገባት፣ አፉን ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ ማሰር። ከዚያ ወዲያ ውሃ የገባበት ስሊፒንግ ባግ የለም። «ውሃ የማያስገባ» ለሚል ቃል ተጨማሪ ብር መክፈል በዚህ ምክንያት ትርፉ አይታይም።

ሦስቱ ሳሳዎች አልተጠገኑም። ጨርቁ ራሱ ሲቀደድ አዲስ ስፌት የሚይዝበት ስለሌለው ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ግዢ

ስድስት ቦርሳ ገና ይጎድል ነበር። በዚህ ጊዜ ለሰባት ሻጮች አንድ ዓይነት መልእክት ተላከ፦

«ሰላም፣ እንደምን አሉ። ቦርሳውን መግዛት እንፈልጋለን። ከፎቶው ይልቅ በቀን ብርሃን የተነሳ አጭር ቪዲዮ ይላኩልን። ቦርሳው ተገልብጦ የውስጥ ስፌቱ ይታይ፤ ከዚፑ ራስ ጀርባ ያለው ቁጥር ይታይ፤ ዚፑ ማዕዘኑን ሲዞር ይታይ፤ ማንገቻው ከሥር ማለፉ ይታይ፤ በመጨረሻም ባዶው ሚዛን ላይ ይቀመጥ።»

ሁለቱ መልስ አልሰጡም። ሁለቱ ያንኑ የማስታወቂያ ፎቶ መልሰው ላኩ። አንዱ «ካመኑን ይግዙ» አለ። የቀሩት ሁለቱ ቪዲዮ ላኩ፤ የአንደኛው ዚፕ 5 ሆኖ ተገኘና ወደቀ። ይህ ማጣሪያ አንድ ሳንቲም አልፈጀም። እቃው እጁ ላይ ያለ ሻጭ ቪዲዮውን በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል፤ ከሌላ ቻናል ፎቶ ወስዶ የሚሸጥ ደላላ ግን ሊሠራው አይችልም። ፎቶውን በጉግል ሌንስ መፈለግም ይረዳል፦ ያው ምስል በአምስት አገር ድረ ገጽ ላይ ከወጣ የሻጩ ዕቃ ፎቶ አለመሆኑ ነው።

ከቀረው ሻጭ መጀመሪያ አንድ ብቻ ታዘዘ፤ በ2,400 ብር። አዲስ አበባ ያለች የአንዱ አባል እህት ሱቁ ድረስ ሄዳ ቁጥሩንና ስፌቱን አይታ፣ ክፍያውም እዚያው ቆማ ሳለ በቴሌብር ተላለፈ። የተቀባዩ ስም ከሱቁ ባለቤት ስም ጋር አንድ መሆኑ ታየ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ጎንደሬ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

ናሙናው ጎንደር ሲደርስ 20 ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ ተደርጎ ገባበት። በእያንዳንዱ እጀታ እየተነጠለ ተነሳ፤ ከወገብ ከፍታ በየማዕዘኑ ተጣለ፤ ሞልቶ ሳለ ዚፑ ሃምሳ ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ፤ አንድ ጆግ ውሃ ዚፑ ላይ ፈሰሰበት። በዚፑ ጫፎች ትንሽ ውሃ ገባ፤ ላስቲክ ከረጢት ስለሚኖር ታለፈ። ስፌቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አምስት ተጨማሪ በ2,250 ብር ዋጋ ተገዛ፤ ሻጩ የቀነሰው በብዛት ስለተገዛ ነው።

እነዚህም እንከን አላቸው። ጨርቃቸው በፒቪሲ የተለበጠ ሸራ መሰል ነገር ስለሆነ ባዶውን 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ በብርዱ ጠዋት ይደርቅና ለማጠፍ ያስቸግራል። በቅሎ ነጂዎቹ ግን ወደዋቸዋል፤ ስድስቱም እኩል ናቸው።

ከውጭ ለማዘዝ የታሰበው

በመሐሉ ከአባላቱ አንዱ ከውጭ አገር የመገበያያ መተግበሪያ እንግዛ የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። ዋጋው መተግበሪያው ላይ ሲታይ ያጓጓል። ፈጣን አጓጓዦች ግን በሚዛኑና በመጠኑ ከሚመጣው ክብደት የሚበልጠውን ነው የሚያስከፍሉት፤ መጠኑ ወደ ክብደት የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 በመካፈል ነው። 75 በ50 በ30 የሆነ ጠንካራ ሻንጣ ባዶውን 4 ኪሎ ቢመዝንም እንደ 22.5 ኪሎ ይቆጠራል። ተጣጥፎ 60 በ35 በ8 የሚሆን የጨርቅ ቦርሳ ግን 3.4 ኪሎ ገደማ ነው። ከውጭ ማዘዝ የግድ ከሆነ ታጥፎ የሚመጣውን መምረጥ ይሻላል። ማኅበሩ ጉምሩኩንና የመድረሻ ቀኑን አስቦ ተወው።

ስለ ባለ ጎማው አንድ ነገር

ለቢሮው ሠራተኞች የአዲስ አበባ ጉዞ አንድ ባለ ጎማ ሻንጣም ተገዝቶ ነበር። በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ባለ አራት ጎማው በኤርፖርት ወለል ላይ ድንቅ ነው፤ በኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዩ መሐል ይገቡና አንገታቸው ይሰበራል። የተመረጠው ጎማው ግማሽ በግማሽ ከሻንጣው ገላ ውስጥ የገባ፣ ባለ ሁለት ጎማ ነው። ጎማው በብሎን የታሰረ መሆኑ ቀድሞ ተጠይቋል፤ በሪቬት የተመታ ከሆነ ለመቀየር መብሳት ያስፈልጋል።

ሒሳቡ

የመጀመሪያው ዙር ስምንት ቦርሳ ከነማጓጓዣው 11,280 ብር፣ አንዱ 1,410 ብር ወደቀ። የአምስቱ ጥገና 2,250 ብር። ሦስቱ ስለተጣሉ 13,530 ብር ለአምስት ቦርሳ ወጣ ማለት ነው፦ አንዱ 2,706 ብር። ሁለተኛው ዙር ስድስት ቦርሳ 13,650 ብር፣ ማጓጓዣው 390 ብር፤ አንዱ 2,340 ብር። እርጥብ ስሊፒንግ ባግ ይዞ ያደረው እንግዳ ቅሬታ እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ሆኖም ሌላ መንገድም ነበር። ሳሳዎቹ ባይቀላቀሉ ኖሮ ርካሹን ቦርሳ ገዝቶ ወዲያው ማስጠገን በ1,860 ብር ደህና ቦርሳ ያስገኝ ነበር። ጎበዝ ቦርሳ ሰፊ በቅርቡ ላለው ሰው ይህ መንገድ ከሁሉም ያዋጣል። ቅድመ ሁኔታው ጨርቁ ነው፦ ዚፕም ማንገቻም ጎንደር ውስጥ ይቀየራል፣ ጨርቅ ግን አይቀየርም።

ለሌላ ገዢ የሚተላለፍ

ጉዳዩ የተራራ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ተማሪም ሆነ ለነጋዴ ያው ነው። ቦርሳው ምን ያህል ኪሎ ይይዛል፣ ማን ያነሳዋል፣ በምን ይጫናል የሚለው ይቅደም፤ ሊትሩና ቀለሙ ከዚያ ይከተላል። በማስታወቂያ ቃል ፋንታ በቪዲዮና በሚዛን የሚታይ ነገር ይጠየቅ። ብዙ የሚገዛ ሰው አንድ ናሙና ያስቀድም፤ የተቀሩት ሲመጡ ደግሞ እያንዳንዱ ይመዘን፣ ምክንያቱም ናሙናው ጥሩ መሆኑ የቀሩትን አያረጋግጥም። ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የሚጠይቅና በአካል መታየትን የማይፈቅድ ሻጭ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ ይታለፍ። ማሸጊያው ሲፈታ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጀምሮ ይቀረጽ።

አጠቃቀሙም ድርሻ አለው። ማኅበሩ አሁን እንግዶች ቦርሳውን ከመዝጋታቸው በፊት ሁለቱ የዚፕ ጎኖች ሳይጎተቱ በእጅ መገናኘታቸውን እንዲያዩ ይነግራል፤ ካልተገናኙ አንድ ነገር ይወጣል። ጫኞቹም በሁለቱም እጀታ እንዲያነሱ ተነግሯቸዋል፤ ግማሾቹ ይሰማሉ።

ክረምት ሲገባ ቦርሳዎቹ ታጥበው፣ ጥላ ውስጥ ደርቀው፣ ሳይታጠፉ ዚፓቸው ግማሽ ክፍት ሆኖ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ይቀመጣሉ። የጨርቅ ቦርሳ የውስጥ ቅብ በታፈነ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም እንደ ፎረፎር ይረግፋል። እዚያ ደረጃ ከደረሰ የሚመልሰው የለም። ከተጠገኑት አምስት ቦርሳዎች አንዱ ጥግ ላይ የመጣበቅ ምልክት ስላሳየ ለድንኳን ካስማና ለገመድ መያዣ ተለይቷል።